ስለ አረንጓዴዋ ድንጋይና ስለ ተሳሳትኩት ግማሽ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ደጃፍህን ያንኳኳልኝ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ከመኪና ሥር መተኛቱን ተው ብሎህ ነበር፤ ትተሃል ብዬ አላምንም፣ ግን ልጠይቅህ። ዓይንህስ? መነጽሩን ታደርገዋለህ ወይስ አሁንም ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ቤቱን ሁሉ ስትፈልገው ትውላለህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እናታችን፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። «በጣም» ያልኩት ለወግ እንዳይመስልህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ባለፈው ማክሰኞ ነው። ገና ፖስታውን ስከፍተው እንደደነገጥክ ገባኝ፤ ያ ክብ ክብ የሚለው ቁም ጽሕፈትህ ተንጋዶ ተንጋዶ እርስ በርሱ ሊጋጭ ደርሷል። ትልቋ ልጅህ በስልኳ «ተመራማሪዋ ሐሳቧ ስሕተት መሆኑን አመነች» የሚል ርእስ ከነፎቶዬ አግኝታ ለቤተሰቡ ሁሉ ማንበቧን ነገርከኝ። ከዚያም «ፕሮፌሰሯ፣ አባረሩሽ እንዴ? ካባረሩሽ ምንም አታስቢ፣ ነይ፣ ቤትሽ ቤትሽ ነው» አልክ። እሱን ሳነብ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ በቀልድ ያወጣህልኝን ስም ሰው እውነት አድርጎ ይጠራኛል፤ አንተ ግን አሁንም እንደዚያው እየቀለድክ ነው የምትጠራኝ።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ተውኩት። በስልክ አንተ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ሳይገባህ ታልፈኛለህ፤ እኔም «ገባህ?» እያልኩ አሰለችሃለሁ። ደግሞም ሃያ ዓመት ሙሉ ጋራዥህ የሚመጣ ሰው «እህትህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ባለህ ቁጥር «ሒሳብ ታሰላለች» እያልክ ስታመልጥ መኖርህን ጽፈሃል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ ክፍሌን ዘግቼ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ከሥር ከመሠረቱ ልነግርህ ተቀምጫለሁ።

ሥራዬ በቁስ ላይ ነው። ብረት በለው፣ ጨው በለው፣ ድንጋይ በለው። እኔ ግን አልነካውም፤ የሚነኩት ሌሎች ናቸው። እኔ በወረቀትና በኮምፒውተር፣ ውስጡ ያሉት አቶሞች እርስ በርሳቸው ምን እንደሚያደርጉ አሰላለሁ። አንዳንድ ድንጋይ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም እንደ አንዲት ደቃቅ ማግኔት ነው። ድንጋዩ ሲሞቅ ማግኔቶቹ በየአቅጣጫው ይዋዥቃሉ። ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ አደብ ይገዛሉ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ጎረቤቱ ወደ ታች፣ ቀጣዩ ወደ ላይ እያለ ይሰለፋሉ። መዘዙ የሚመጣው አቶሞቹ በሦስት በሦስት ሆነው፣ በሦስት ማዕዘን ሲቀመጡ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው ይስማማሉ። ሦስተኛው ግን ወዴት ይዙር? ወደ ላይ ቢል አንዱን ያስቀይማል፣ ወደ ታች ቢል ሌላውን። ያ ጠብ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ሦስት ማዕዘን፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እየተዛመተ ድንጋዩን ያዳርሰዋል።

ታዲያ መጨረሻቸው ምን ይሆናል? ዕድሜዬን የፈጀሁበት ጥያቄ ይኸው ነው። አንዳንዴ ማግኔቶቹ መሰለፉን እርግፍ አድርገው ይተዉትና እርስ በርሳቸው ይቆራኛሉ። ይህ ቁርኝት እኛ ከምናውቀው መያያዝ ሁሉ ይለያል። አንዱን ለብቻው «ወዴት ነው የዞርከው?» ብለህ ብትጠይቀው መልስ የለውም፤ እኛ ስላላወቅነው እንዳይመስልህ፣ ጨርሶ መልስ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ብትጠይቅ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ታገኛለህ፤ ተቃራኒ ናቸው። አሁን ይህ በሁለት ብቻ ሳይሆን ቁጥር በሌላቸው አቶሞች መካከል ሆነ ብለህ አስብ። እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጠህ ራስህን እንደምታክ አውቃለሁ። አይዞህ፤ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት አክኬዋለሁ።

ከዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት በፊት ስለ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ድንጋይ አርባ አንድ ገጽ ጽሑፍ አወጣሁ። ያኔ ክፍሌ ከደረጃው ሥር ነበር፤ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ጣሪያዬ ይንኳኳል፤ የተማሪዎቹን ጫማ በድምፁ ለይቼ አውቀው ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት አስልቼ ሁለት ነገር ተናገርኩ። አንደኛ፣ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ያሉት ማግኔቶች የቱንም ያህል ቢቀዘቅዙ አይሰለፉም፣ ተቆራኝተው ይቀራሉ አልኩ። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ባያሳልፍም በዚያ ቁርኝት አማካይነት ሙቀት እንደ ብረት ያሳልፋል አልኩ። ጽሑፉ ስም አወጣልኝ። በየስብሰባው ጠሩኝ፣ አጨበጨቡልኝ፤ አንተም ያኔ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበለኝ «ደረትሽን ነፍተሽ መጣሽ» ያልከኝ ትዝ ይልሃል?

ስድስት ዓመት እንዲህ ከኖርኩ በኋላ ሰዎች ድንጋዩን ሠርተው፣ አቀዝቅዘው ለኩት። ቅዝቃዜው ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ማግኔቶቹ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ይህን የሰማሁት ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከፊት ወንበር አንድ አንጋፋ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ፤ ፊታቸው ሲፈታ አይተን ስለማናውቅ «ኮስታራው» እንላቸዋለን። እሳቸው ወደ እኔ ዞር አሉና «ቆንጆ ሒሳብ ነበረች» አሉኝ። ምናልባት ሊያጽናኑኝ ይሆናል። «ነበረች» የምትለዋ ቃል ግን ወሽመጤን ቆረጠችው። ወደ ቤቴ ስመለስ ያንን ጽሑፍ ከመደርደሪያ አንስቼ ካርቶን ውስጥ ከተትኩትና ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማስተማር ያዝኩ። አንተ በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደኅና ነው» እልህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ፣ ወንድም ጋሼ፤ ደኅና አልነበረም። ከሰው ጋር ምሳ መብላት እንኳ ትቼ ነበር።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን ከምድር ቤት አንዲት ሴት ወደ ክፍሌ መጣች። ኬሚስት ናት፤ በምድጃና በብርጭቆ ቱቦ ድንጋይ ስለምታበቅል ሕንጻው ሁሉ «አትክልተኛዋ» ይላታል። ቁመቷ አጭር፣ እጇ እንደ አንተ እጅ የተቃጠለና የጠቆረ ነው። ወንበር ሳትስብ፣ ሰላምም በቅጡ ሳትል፣ «ያንቺን ሒሳብ ገደለ የተባለውን ድንጋይ አይተሽዋል?» አለችኝ። እኔ ድንጋይ አይቼ ምን አውቃለሁ አልኳት። «እኔ አስመጥቼ አይቼዋለሁ። ቆሻሻ ነው። ከመቶ አምስቱ አቶም የቦታው አይደለም፤ ባዕድ ገብቶበታል። በዚህ ላይ ለክቶ ሰው መኮነን ነውር ነው» አለችኝ። ካንተ ጋራዥ ውጭ እንደዚህ በሰው ሥራ የምትቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ንጹሑን እኔ አበቅለዋለሁ አለች። በአንድ ዓመት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ አምስት ዓመት ፈጀ። ጨውና ውኃ በወፍራም ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ፣ አንዱ ጫፍ ሞቅ፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ባለ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በሞቃቱ በኩል የሟሟው በቀዝቃዛው በኩል ቀስ እያለ ይረጋል። አንዷን የምስር ፍሬ የምታህል ድንጋይ ለማግኘት ዘጠኝ ወር። የመጀመሪያው ቱቦ በአራተኛው ወር ፈነዳ። ሁለተኛውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሌላ ነገር ሲጠግን ሳያውቅ አጠፋው፤ ሰውዬው በኋላ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ እሷ አጽናንታ ሰደደችው። ሦስተኛው ወጥቶ ሊለካ ሲል ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ በየሳምንቱ ወርጄ በምድጃው መስታወት እያጮለቅኩ «ምን ደረሰ?» ስላት አንድ ቀን ቆሽቷ አረረና «እኔ ምን ላድርግልሽ፣ ግቢና አንቺው ቶሎ በል በይው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳችንን አብረን መብላት ጀመርን።

ባለፈው ዓመት አራት ንጹሕ ድንጋዮች ወጡ። ለመለካት ከሕንጻው ጀርባ ወዳለው ትልቅ ማቀዝቀዣ ወሰድናቸው። ይህ ማቀዝቀዣ አንተ ከምታውቀው ጋር ስም እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም፤ ቁመቱ ከሁለት ሰው ይበልጣል፣ የሚደርስበት ቅዝቃዜ ከዚያ በታች መውረድ ከማይቻልበት ልክ በአንዲት ቅንጣት ብቻ ይርቃል። ባለሙያው ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ፓምፖቹ ሲያጉረመርሙ እሱም አብሯቸው ያንጎራጉራል። ዐሥራ አንድ ቀን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ ወረደ። በየጧቱ በሩ ላይ ቆሜ «ተሰለፉ?» እላለሁ፤ እሱ ፊቱን ሳያዞር «አልተሰለፉም» ይላል። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ማንጎራጎሩን ተወና «አልተሰለፉም፤ ከዚህ በታችም ቦታ የለም» አለ። አትክልተኛዋ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሰባት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ሲነሳ እንዴት እንደሆነ በጽሑፍ ልነግርህ አልችልም።

ደስታዬ የቆየው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ቀጥሎ የድንጋዩን አንድ ጫፍ በትንሹ አሞቅነውና ሌላው ጫፍ ላይ ጠበቅን። በእኔ ሒሳብ ሙቀቱ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ድንጋዩ በቀዘቀዘ ቁጥር የሙቀቱ መተላለፊያ ይበልጥ እየተዘጋ ሄደ። አትክልተኛዋ ፊቴን አየችና «እስቲ አሁን ደግሞ የእኔን ድንጋይ እንውቀሰው» ብላ አራቱንም አንድ በአንድ ለካች፤ አራቱም አንድ ቃል ተናገሩ። ድንጋዩ ጥፋት አልነበረበትም። ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ፣ ያንን አርባ አንድ ገጽ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ከአንድ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በስድስተኛው ሳምንት ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። አንዲት ትንሽ ቁጥር ነበረች። ሲቀዘቅዝ አብራ ትጠፋለች ብዬ በግማሽ መስመር የጣልኳት። እሷ ግን ሲቀዘቅዝ ትፋፋለች እንጂ አትጠፋም። እጄ የጻፈውን «እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ እንተወዋለን» የሚል ዓረፍተ ነገር እያየሁ ጠረጴዛዬ ፊት ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ትንቢቴ ከዚያ መስመር ጀምሮ ስሕተት ነበር።

ሰዓቱ ደግሞ ክፉ ሰዓት ሆነ። አዲስ የምርምር ማዕከል ሊከፈት፣ ለኃላፊነቱ የእኔ ስም ተይዞ፣ ኮሚቴው በሁለት ወር ውስጥ ሊወስን ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ፣ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመጀመሪያውን አሁን አውጪው፤ ዓለም ያጨብጭብልሽ። የሙቀቱን ነገር ኮሚቴው ከወሰነ በኋላ ታወጪዋለሽ። ይህ ውሸት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእኔው አስቦ ነው። ደግሞ እህትህን ጻድቅ አድርገህ እንዳታወራ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እሺ ልለው ነበር። የእሺታዬን ደብዳቤ ሁሉ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

የመለሰኝ አንድ ሐሳብ ነው። በዓለም ላይ ቢያንስ አምስት ቦታ ሰዎች ያንን ድንጋይ እያበቀሉ ነው። የእኔን ጽሑፍ ይዘው ሙቀት ሲለኩ ሙቀቱ አላልፍ ሲላቸው ምን ይላሉ? «ድንጋያችን ቆሻሻ ነው» ብለው ንጹሑን ድንጋይ ይጥሉታል። እንደ አትክልተኛዋ ያለች ሌላ ሴት የሆነ ምድር ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ትደፋለች፤ እኔ ግን እውነቱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ኮሚቴ እጠብቃለሁ። ይህን ለአትክልተኛዋ ነገርኳት። በእጇ የያዘችውን መፍቻ አስቀምጣ «ታዲያ ለምንድን ነው እስካሁን የተቀመጥሽው?» አለችኝ። ሁለቱንም በአንድ ጽሑፍ አወጣነው፤ የእሷ ስም በፊት፣ የእኔ ከኋላ።

ልጅህ ያየችው ፎቶ ይህንን በአዳራሽ ያቀረብኩ ዕለት የተነሳ ነው። ሃያ ሦስተኛውን ገጽ ሰሌዳው ላይ አሳየሁና «እዚህ ላይ ተሳሳትኩ» አልኩ። ኮስታራው እጃቸውን አነሱ። ከመቀመጫቸው በቀስታ ተነሡና «ያኔ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት እንድገመግመው የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። እርስዎ ያንን ቁጥር ሲጥሉት እኔም አንብቤ አለፍኩት። የሁለታችንም ነው፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው» አሉና ተቀመጡ። ዐሥራ አራት ዓመት ማንም ሊያውቀው የማይችል ነገር ነበር፤ ዝም ብለው ቢቀመጡ ማን ያገኛቸው ነበር? ከዚያ በኋላ የመጣው ጭብጨባ ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጋዜጠኛው ግን ከዚህ ሁሉ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገሬን መርጦ ወሰደ። ምን ይደረግ፤ እሱም ርእስ ያስፈልገዋል።

ማዕከሉን ለሌላ ሰው ሰጡት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሦስት ቀን ከፋኝ። በአራተኛው ቀን የማዕከሉ አዲስ ኃላፊ በሳምንት አራት ስብሰባ እንዳለበት ስሰማ ለቀቀኝ። እኔን ማንም አላባረረኝም። ከአትክልተኛዋ ጋር ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በዚሁ ሥራ እንድንቀጥል ፈቀዱልን፤ ከደረጃው ሥር ከወጣሁም ቆየሁ፣ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሰፊ መስኮት አለኝ፣ ከፊቴ የዛፍ ጫፍ ይታየኛል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ያቺ የጣልኳት ቁጥር ናት። እሷን መልሼ ሳስገባት ሒሳቡ ሌላ ነገር ተናገረ። ሙቀቱ የማያልፈው ቁርኝቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ከውጭ በትንሹ ቢነካካ በቀላሉ አይፈታም። እንዲህ ዓይነት የማይበገር ቁርኝት ሰዎች በየአገሩ ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሒሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ይህን ያህል አያጓጓም ነበር። ጧት ጧት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው የምወጣው፤ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ።

ጋራዥህ ለሚመጡት እንግዲህ «እህቴ ድንጋይ ውስጥ ያሉ ማግኔቶች ለምን አንሰለፍም እንዳሉ ታጠናለች» በላቸው። «ምን ይጠቅማል?» ካሉህ አንድ ቀን ለአዲስ ዓይነት ኮምፒውተር ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ግን በእኔ ስም ቃል እንዳትገባ፣ እኔም ገና አላውቅም። በሳቅ ካለፉህም አብረህ ሳቅ።

ፖስታው ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ስትከፍት እንዳይወድቅብህ። ከተሰነጠቀችው ከሦስተኛዋ ድንጋይ የተረፈች ስባሪ ናት፤ አትክልተኛዋ ራሷ «ለመካኒኩ ላኪለት» ብላ ነው የሰጠችኝ። ወርቅ ሠሪ ጋ ብትወስዳት ይስቁብሃል። ፀሐይ ላይ ያዛትና አጉሊ መነጽርህን አድርገህ እያት፤ ጠርዞቿ ቀጥ ያሉ፣ ቀለሟ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ናት። ትንሹ ልጅ አፉ ውስጥ እንዳይከታት።

ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ፤ የላከችልኝን ሹራብ አሁንም ለብሼ ነው የምጽፍልህ፣ ክርኑ ላይ ብቻ ትንሽ ሳስቷል። ለትልቋ ልጅህ፣ ርእስ ብቻ አንብባ እንዳትተው፣ ጽሑፉን እስከ ታች እንድትጨርስ ንገርልኝ፤ ከዚያም ጉንጯን ሳምልኝ። ለመንታ ልጆችህ ሰላም በልልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በፎቶ መለየት አቅቶኛልና ስማቸውን ከሚቀጥለው ፎቶ ጀርባ ጻፍበት። ጋራዥ ለሚሠሩት ለሁለቱም፣ ለዝምተኛውም ለለፍላፊውም ሰላምታዬን አቅርብ። ለእናታችን ደግሞ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ በልና ጮክ ብለህ «ልጅሽ አልተባረረችም፤ ተሳስታ ነበር፣ አስተካከለችው፣ አሁን ሥራ ላይ ናት» በልልኝ። «ምን?» ካለችህ ድገምላት።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ፣

ከአራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ
ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን